አረጋውያን የጤና በጀቱን ያራቁታሉን? የ70 ዓመት ክርክርና የማስረጃው ሚዛን

በሀብታም አገሮች የበጀት ወቅት በደረሰ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሳል። አረጋውያን እየበዙ ነው፤ ሰው ባረጀ ቁጥር የሕክምና ወጪው ይጨምራል፤ ስለዚህ የጤና በጀቱን የሚያናጋው የዕድሜ መርዘም ነው ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ማንም የሆስፒታል መዝገብ ገልጦ ሊያረጋግጣቸው ይችላል። ሦስተኛው ግን ከእነሱ ተከትሎ የመጣ ይመስላል እንጂ ተከትሎ አልመጣም። ይህን ለመለየት ተመራማሪዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። የፈጀባቸውም ቁጥር ስላልነበረ አይደለም። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር፤ የጎደለው ቁጥሩ የትኛውን ክርክር እንደሚያጠናክር የሚለይ ጥያቄ ነበር።

ጉዳዩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጥፋተኛው ዕድሜ ነው ከተባለ መፍትሔው ከሽማግሌው አልጋ ላይ መቀነስ ይሆናል። ጥፋተኛው ሌላ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌው ባልሠራው ጥፋት ይቀጣል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪ ለንደን፣ 1953

የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በጁላይ 1948 ሥራ ሲጀምር ለሁሉም ሰው ነጻ ሕክምና ቃል ገብቶ ነበር። ወጪው ገና ከጅምሩ ከታቀደው በላይ ሄደ። በ1951 መንግሥት በሰው ሠራሽ ጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ሲጥል የአገልግሎቱ መሥራች አኑሪን ቤቫን ተቃውመው ከካቢኔው ለቀቁ። በቀጣዩ ዓመት የመድኃኒት ማዘዣ ክፍያ ተጨመረ። በ1953 ወግ አጥባቂው መንግሥት የአገልግሎቱን ወጪ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው የካምብሪጁ ኢኮኖሚስት ክሎድ ጊልቦ ነበሩ። ኮሚቴው ቁጠባ እንዲመክር የሚጠብቁ ብዙ ነበሩ።

ሒሳቡን የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሳይማሩ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ለመሆን የበቁት ሪቻርድ ቲትመስ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩት ብራያን ኤብል ስሚዝ ናቸው። ሁለቱ የገንዘብ ሚኒስቴሩን ቁጥር አልካዱም። በፓውንድ ሲቆጠር ወጪው በእርግጥ ጨምሯል። ያደረጉት ነገር ቁጥሩን ከሌላ ነገር ጋር ማነጻጸር ነበር። የዋጋ ንረቱንና የአገሪቱን ጠቅላላ ምርት ዕድገት አብረው ሲያሰሉ፣ በ1949/50 ከጠቅላላ ምርቱ 3.75 በመቶ የነበረው የአገልግሎቱ ወጪ በ1953/54 ወደ 3.25 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከቁጥጥር ውጭ ወጥቷል የተባለው ወጪ ከአገሪቱ አቅም አንጻር ሲታይ እየቀነሰ ነበር።

ከዚያ የዕድሜን ጉዳይ ለብቻው አነሱ። እያንዳንዱ የዕድሜ ክልል አሁን የሚያወጣውን ያህል ማውጣቱን ቢቀጥልና የሕዝቡ የዕድሜ ስብጥር ብቻ ቢለወጥ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ወጪው ስንት ይጨምራል? መልሱ በጣም ትንሽ ሆነ። ኮሚቴው በጃንዋሪ 1956 ያወጣው ሪፖርት አገልግሎቱ ገንዘብ እያባከነ ነው የሚለውን ክስ ሳይቀበል ቀረ።

ይህ ሒሳብ ሁለት ነገሮችን ያሳያል። የመጀመሪያው፣ ትክክለኛ ቁጥር ለክርክሩ ማስረጃ የሚሆነው ከተገቢው ነገር ጋር ሲነጻጸር ብቻ መሆኑን ነው። ሁለተኛው የራሱን የሒሳቡን ድክመት ነው። የ1971ዱ የ70 ዓመት ሽማግሌ የሚታከመው የ1951ዱ በታከመበት መንገድ ነው ብሎ ይነሳል። በመካከሉ ሕክምናው ራሱ እንደሚለወጥ ሒሳቡ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ይህ ጉድለት ቆይቶ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

▪ ዴንቨር፣ 1984

አሜሪካ ለአረጋውያን የጤና መድን ያቋቋመችው ከብሪታንያ ዘግይታ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሜዲኬርን ሕግ በጁላይ 30 ቀን 1965 ፈረሙ፤ በዓመቱ 19 ሚሊዮን ያህል አረጋውያን ተመዝግበው ነበር። ገንዘቡ ከሠራተኛው ደመወዝ ይቆረጣል። ዛሬም በአሜሪካ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የደመወዝ ደረሰኙን ሲያይ ለዚሁ የሚቀነሰውን 1.45 በመቶ ያገኘዋል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይከፍላል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ የጤና ወጪ ከጠቅላላ ምርቷ 10 በመቶ ገደማ ደረሰ። በማርች 1984 የኮሎራዶ ገዢ ሪቻርድ ላም ዴንቨር ላይ ለሕግ ባለሙያዎች ንግግር አደረጉ። በማግሥቱ የወጣው ዘገባ ገዢው በማይድን ሕመም የተያዙ አረጋውያን ሞተው ቦታ የመልቀቅ ግዴታ አለባቸው እንዳሉ አድርጎ አቀረበው። ላም ግን የተናገሩት ስለ ሰው ልጅ ሁሉ እንጂ ስለ አረጋውያን ብቻ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ቁጣው ግን አገሪቱን አዳርሶ ነበር። ገዢው ያን ጊዜ 48 ዓመታቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ጄምስ ሉቢትዝና ሮናልድ ፕሪሆዳ የሜዲኬርን መዝገብ አገላብጠው አንድ ቁጥር አወጡ። በ1978 ከተመዝጋቢዎቹ መካከል በመጨረሻው የሕይወት ዓመታቸው ላይ የነበሩት 5.9 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የፈጁት ግን ከጠቅላላው ክፍያ 28 በመቶ ነው። አንድ ሟች በአማካይ ከአንድ በሕይወት ካለ ሰው ከ6 እጥፍ በላይ ወጪ አስወጥቷል ማለት ነው።

ቁጥሩ እንደ እሳት ተቀጣጠለ። ብዙዎች ላም ትክክል መሆናቸውን ያረጋግጣል አሉ፤ ለሚሞት ሰው በከንቱ የሚፈሰው ገንዘብ ይኸው ተገኘ ተባለ።

▪ 28 በመቶው ምን ይመሰክራል?

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። አንድ ማስረጃ ክርክርን ማጠናከር አለማጠናከሩን ለመለየት የሚጠቅም ቀላል ጥያቄ አለ፦ ክርክሩ ሐሰት ቢሆን ይህ ቁጥር ሌላ መልክ ይኖረው ነበር? ቁጥሩ በሁለቱም በኩል ያው ከሆነ ማስረጃ አይደለም፤ ከክርክሩ ጎን የቆመ እውነት ብቻ ነው።

28 በመቶውን በዚህ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ታምሞ ነው። የታመመ ደግሞ ይታከማል። ስለዚህ ሐኪሞች አንድም ሳንቲም ሳያባክኑ በትጋት ቢሠሩም፣ በዓመቱ መጨረሻ የሟቾች ሒሳብ ከሌላው ይበልጣል። ቢያባክኑም ይበልጣል። ቁጥሩ ብክነት መኖሩንም አለመኖሩንም አይለይም። ኢኮኖሚስቷ አን ሲቶቭስኪ በዚያው በ1984 ባሳተሙት ጥናት ያሳሰቡት ዋናው ነጥብ ይህን ይመስል ነበር። የመጨረሻው ዓመት የመጨረሻ መሆኑ የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ሐኪሙ ሕክምናውን ሲያዝ የትኛው በሽተኛ እንደሚድን አያውቅም።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሉቢትዝ ከጀራልድ ራይሊ ጋር ወደ መዝገቡ ተመለሱ። በ1993 የታተመው ሥራቸው ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት ያለው ነው። ምክንያቱም ክርክሩ ሐሰት ቢሆን ሊታይ የሚችለውን ነገር ፈልጎ ነበር። ወጪውን የሚያንረው በሞት አፋፍ ላይ ያሉትን በአዳዲስ መሣሪያ ማቆየት ከሆነ፣ የመጨረሻው ዓመት ድርሻ ከጊዜ ወደ ጊዜ ማደግ ነበረበት። ከ1976 እስከ 1988 ድረስ ያለው ሲታይ ግን ድርሻው በ28 በመቶ አካባቢ ቆሟል። ለሟቾችም ለነዋሪዎችም የሚወጣው ገንዘብ እኩል ነበር የሚያድገው።

ሁለተኛው ግኝታቸው ደግሞ የብዙ ሰዎችን ግምት የሚገለብጥ ነው። በ1988 ከ65 እስከ 69 ዓመት ባለው ዕድሜ የሞተ ሰው በመጨረሻው ዓመቱ በአማካይ 15,346 ዶላር ሲያስወጣ፣ 90 ዓመት ካለፈው በኋላ የሞተው ግን 8,888 ዶላር ብቻ አስወጥቷል። ሐኪሞችና ቤተሰቦች በጣም ላረጀ ሰው ከባዱን ሕክምና ቀድሞውንም እየቀነሱ ነበር። ዕድሜ በራሱ ወጪን የሚያንር ከሆነ ይህ ቁጥር በተቃራኒው መሆን ነበረበት።

በ1994 ደግሞ ኢዚኪኤል ኢማኑዌልና ሊንዳ ኢማኑዌል ሌላውን ወገን ፈተኑ። ሁሉም በሽተኛ አስቀድሞ ኑዛዜ ቢሰጥ፣ ሁሉም የማስታገሻ እንክብካቤን ቢመርጥ፣ በከንቱ የሚደረግ ሕክምና ሁሉ ቢቀር ምን ያህል ይተርፋል? ከአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ ቢበዛ 3.3 በመቶ የሚል ግምት ላይ ደረሱ። በ28ና በ3.3 መካከል ያለው ርቀት፣ አንድ እውነተኛ ቁጥር ላልተጠየቀው ጥያቄ መልስ ሆኖ ሲቀርብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ያሳያል።

▪ ስዊዘርላንድ፣ 1999

የስታንፎርዱ ኢኮኖሚስት ቪክቶር ፉክስ ገና በ1984 አንድ ፍንጭ ሰጥተው ነበር። ከ80 ዓመት ሰዎች መካከል በመጨረሻው ዓመታቸው ላይ ያሉት ከ65 ዓመት ሰዎች መካከል ካሉት ይበዛሉ። ስለዚህ የአረጋውያን አማካይ ወጪ ከፍ የሚለው ዕድሜ ስላስወደደው ሳይሆን ሞት ስለቀረበ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ተራ አማካይ አይለያቸውም።

በ1999 ፒተር ዝዋይፍል፣ ስቴፋን ፌልደርና ማርከስ ማየርስ ይህን በስዊዘርላንድ የጤና መድን ድርጅቶች መዝገብ ላይ ፈተኑት። ሰዎችን በዕድሜያቸው ብቻ ሳይሆን ለመሞት በቀራቸው ጊዜም ደረደሯቸው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ላሉ ሰዎች፣ የቀረው ጊዜ ከታወቀ በኋላ ዕድሜያቸው 70 ይሁን 85 በወጪው ላይ ለውጥ አላመጣም። ጸሐፊዎቹ በጽሑፋቸው ርዕስ ላይ የሕዝብ እርጅና ትኩረትን ከዋናው ነገር የሚያስት ይሆንን ብለው ጠየቁ።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በእድር ይገባል። እድር ለአንድ አባል ትልቁን ወጪ የሚያወጣው አንድ ጊዜ፣ በሞቱ ነው። አባሉ በ65 ፋንታ በ85 ዓመቱ ቢሞት የድንኳኑና የቀብሩ ወጪ ለሃያ ዓመት ዘገየ እንጂ ሃያ ጊዜ አልተደጋገመም፤ በመካከሉም ወርሃዊ መዋጮው አልተቋረጠም። አንድ ሰው የዘንድሮን መዝገብ ብቻ አይቶ ከእድሩ ገንዘብ ብዙው ለሽማግሌዎች ወጣ ቢል አልተሳሳተም። ከዚህ ተነስቶ የአባላቱ ረጅም ዕድሜ እድሩን ይጥለዋል ቢል ግን ይሳሳታል።

የስዊዞቹ ጥናት ያለ ትችት አላለፈም። ሌሎች ተመራማሪዎች በስሌት ዘዴው ላይ ከባድ ጥያቄ አነሱ። በ2004 ሚና ሴሻማኒና አላስቴር ግሬይ የእንግሊዙን የኦክስፎርድሺር የሆስፒታል መዝገብ ለረጅም ዓመታት ተከታትለው የተሻለ መልስ ሰጡ። ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው፤ ከ65 እስከ 85 ዓመት ባለው ጊዜ የሆስፒታል ወጪ በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሆኖም ከሞት አምስት ዓመት በፊት ካለው ጊዜ እስከ መጨረሻው ዓመት ያለው ጭማሪ አሥር እጥፍ ነው። ዕድሜ ምንም አያመጣም የሚለው ጽንፍ ወደቀ፤ ዋናው ዕድሜ አይደለም የሚለው ግን በሌላ አገርና በሌላ ዘዴ ተፈትኖ ጸና። ማስረጃ የሚጠነክረው ተቺዎቹ ከቆነጠሩለትም በኋላ የቆመውን ያህል ነው።

▪ ያልተቆጠረው ሒሳብ

ይህን ይዞ እርጅና ወጪ የለውም ማለት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። እስካሁን የተጠቀሱት ቁጥሮች በአብዛኛው የሆስፒታልና የሐኪም ክፍያዎች ናቸው። ሜዲኬር በመንከባከቢያ ቤት ለዓመታት ለሚኖር ሰው በአብዛኛው አይከፍልም። የ90 ዓመቷ አሮጊት በሞተችበት ዓመት ለሜዲኬር 8,888 ዶላር ብቻ አስወጥታ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት ግን የሚያጥባት፣ የሚያለብሳት፣ የሚያጎርሳት ሰው ስትፈልግ ቆይታለች። ያ ሒሳብ ያለው በሌላ መዝገብ ላይ ነው። አለዚያም በልጇ ጉልበት ተከፍሎ ከየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

በ2000 ብሬንዳ ስፒልማንና ይኸው ሉቢትዝ ይህን ክፍተት ሞሉ። የሆስፒታል ወጪ በዕድሜ መርዘም ብዙም ሳይንር፣ የመንከባከቢያ ወጪ ግን ዕድሜ በረዘመ ቁጥር በፍጥነት እንደሚያድግ አሳዩ። ስለዚህ እርጅና ያስወጣል የሚለው ክርክር እውነት የሚሆንበት ቦታ አለው፤ ቦታው የቀዶ ጥገና ክፍሉ ሳይሆን የዕለት ተዕለት እንክብካቤው ነው። ጃፓን ይህን ተረድታ በ2000 ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ብቻ የተለየ መድን አቋቁማለች።

በ2003 ሌላ ነገር ተጨመረ። ሉቢትዝና ባልደረቦቹ በ70 ዓመታቸው ጤነኛ የሆኑትንና በዚያው ዕድሜ መልበስና መታጠብን የመሰለ ነገር የተሳናቸውን አነጻጸሩ። ጤነኞቹ በአማካይ 14.3 ዓመት፣ ሌሎቹ 11.6 ዓመት ይኖራሉ። እስከ ሞታቸው የሚያስወጡት ግን ለጤነኞቹ 136,000 ዶላር ገደማ፣ ለሌሎቹ 145,000 ዶላር ገደማ ነው። ጤነኞቹ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ተጨማሪ ዕድሜ ያለ ተጨማሪ ወጪ አግኝተዋል። ረጅም ዕድሜ በጤና ከተኖረ ሒሳቡን አያከብደውም ማለት ነው።

ታዲያ ወጪውን ማን አናረው? በ1992 የሃርቫርዱ ጆሴፍ ኒውሃውስ የግማሽ ምዕተ ዓመቱን የአሜሪካ የጤና ወጪ ዕድገት መርምረው፣ የሕዝቡ እርጅና፣ የገቢ ዕድገትና የመድን መስፋፋት ተደምረው ከግማሽ በታች እንደሚያስረዱ አሳዩ። የቀረውን በዋናነት ለአዳዲስ የሕክምና ቴክኖሎጂዎች ሰጡት። የለንደኑ ሒሳብ ያልያዘው ነገር ይህ ነበር። ይህም ማስረጃ ቢሆን ድክመቱን ይዞ መጥቷል፦ ቴክኖሎጂው በቀጥታ አልተለካም፤ ሌላው ሁሉ ተቀንሶ የተረፈው ነው ስሙን ያገኘው። የእርጅና ድርሻ ትንሽ መሆኑን በጥሩ ሁኔታ ያስረዳል፤ የቴክኖሎጂ ድርሻ ስንት መሆኑን ግን በዚያው ጥራት አያስረዳም።

▪ አስቀድሞ ማወቅ ቢቻልስ?

ሲቶቭስኪ በ1984 ያነሱት ጥያቄ ፈተናውን ያገኘው ከ34 ዓመት በኋላ ነው። በ2018 ሊራን አይናቭ፣ ኤሚ ፊንክልስታይን፣ ሴንዲል ሙላይናታንና ዚያድ ኦበርማየር የሜዲኬርን መዝገብ ለኮምፒውተር ሰጥተው ማን በዓመቱ ውስጥ እንደሚሞት እንዲተነብይ አደረጉ። በዓመት ከሚሞቱት 5 በመቶ ተመዝጋቢዎች ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው ሩብ ያህል መሆኑ ያልተለወጠ እውነት ነው። ነገር ግን የመሞት ዕድላቸው ከ50 በመቶ በላይ ነው ተብሎ አስቀድሞ ሊነገርላቸው በሚችሉት ሰዎች ላይ የወጣው ከ5 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። ሊሞቱ መሆኑ እየታወቀ ገንዘብ ይፈስላቸዋል የተባሉት ሰዎች በብዛት አልተገኙም። ገንዘቡ የሚፈሰው ለታመሙ ሰዎች ነበር፤ ከእነሱም ገሚሶቹ ይሞታሉ፣ ገሚሶቹ ይድናሉ።

ሪቻርድ ላም በ2021 በ85 ዓመታቸው አረፉ። ለተናገሩት ነገር መነሻ የሆነው ስጋት ሐሰት አልነበረም፤ የአሜሪካ የጤና ወጪ ዛሬም ከየትኛውም አገር ይበልጣል። ያልጸናው ወጪውን ከአረጋውያን ሞት ጋር ያያያዘው ገመድ ነው።

▪ ለኢትዮጵያ ምን ያስተምራል?

ኢትዮጵያ የወጣቶች አገር ናት፤ የአረጋውያኑ ወጪም በአብዛኛው የሚሸፈነው ከልጆች ኪስ፣ ከሚሸጥ ከብትና ከውጭ ከሚላክ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ እየተለወጠ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፍቷል፤ አማካይ ዕድሜም እየረዘመ ነው። የጋራ ገንዘብ ባለበት ሁሉ ማን ጨረሰው የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ጥያቄው ሲነሳ ደግሞ በዕድሜ የተደረደረ አንድ ሠንጠረዥ ቀርቦ ሽማግሌዎቹ ከላይ መገኘታቸው የታወቀ ነው።

ያን ጊዜ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ከዚህ ታሪክ የሚገኙ ናቸው። ወጪው ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው በዛ የተባለው? ዕድሜው ነው ወይስ የሞት መቅረብ? ምን ያልተቆጠረ ነገር አለ? በመጨረሻስ፣ አረጋውያኑ ጥፋተኛ ባይሆኑ ኖሮ ሠንጠረዡ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር?

ለእነዚህ መልስ ለመስጠት የሚያስፈልገው ነገር ከፍልስፍና ይልቅ መዝገብ ነው። የስዊዘርላንዱም፣ የኦክስፎርድሺሩም፣ የሜዲኬሩም ጥናት የተቻለው ሰው የተወለደበትና የሞተበት ቀን ታውቆ ከሕክምና ሒሳቡ ጋር ስለተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ብዙ አረጋውያን የተወለዱበትን ቀን የሚያውቁት በጦርነትና በድርቅ ዘመን ቆጥረው ነው፤ ብዙ ሰውም ሲሞት በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ተቀብሮ በመንግሥት መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል። ቀበሌ ሄዶ የአባትን ሞት ማስመዝገብ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የማይጠቅም ውጣ ውረድ ይመስላል። ነገር ግን ነገ ስለ አረጋውያን ወጪ የሚነሳው ክርክር በማስረጃ ወይም በግምት መዳኘቱ የሚወሰነው በዚያች መዝገብ ላይ ነው።